በሙላዚሙ ደረት ላይ ያለችው ዓይን

ዝናሽ ካርቱም ስትገባ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ሚልዮንን አዝላ፣ እሷን በእጇ እየጎተተች፣ ከአርማጭሆ ወደ መተማ፣ ከመተማ ወደ ገዳሪፍ አሻግራ አመጣቻቸው። እናቲቱ አፈር ከለበሰች ቆየች። ዝናሽ ግን አርባዎቹን አጋምሳ፣ አማርኛዋም ራሷ እንደምትለው «ግማሹ ጎንደር፣ ግማሹ ካላክላ» ሆኖ፣ እዚያው በካርቱሙ ሰፈር በካላክላ በልብስ ስፌት ትተዳደር ነበር። ባል አግብታ ፈታለች፤ ልጅ አልሰጣትም። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ የእኔ ብላ የምትቆጥረው ወንድሟንና ዓርቧን ነበር።

ወንድሟ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ብየዳ ይሠራል፤ ረጋ ያለ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ዓርቧ ደግሞ የልጆቹ ቀን ናት። በአል-ጣኢፍና በሌሎች የሀብታም ሰፈሮች በቤት ሠራተኝነት የሚያገለግሉ የአገሯ ልጆች የዕረፍት ቀናቸው ዓርብ ስለሆነ፣ ጠዋት ሐፊላ በሚሉት አውቶቡስ ተጭነው ወደ እሷ ግቢ ይመጣሉ። ሳምንቱን ሙሉ «ሓዲር»፣ እሺ ጌታዬ፣ ከማለት በቀር ሌላ ቃል ያልወጣው አፋቸው እዚያ ግቢ ሲገቡ ይፈታል። ፀጉራቸውን ይታጠባሉ፤ ወደ ቤተሰብ ይደውላሉ፤ ይተኛሉ። አንዳንዷ እንቅልፍ ብቻ ልትተኛ ትመጣና ሲመሽ ዓይኗን እያሸች ትመለሳለች።

ከሁሉም ለዝናሽ የምትቀርባት ሉጥፊያ ነበረች። የወሎ ልጅ ናት፣ የሐርቡ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል። አል-ጣኢፍ የምትሠራበት ቤት እመቤቷ ፓስፖርቷን ቆልፋባት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያ ሁሉም ሰው ኢቃማ የሚለው ወረቀት፣ ሳይወጣላት ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ስለዚህ ከሻ በመጣ ቁጥር ትደበቃለች። ከሻ ማለት ፖሊስ ድንገት ሰፈር ገብቶ ወረቀት የሌለውን ሰው የሚያፍስበት ነው። በካርቱም ያለ ሐበሻ ሁሉ ይህን ቃል ከሰላምታ ቀጥሎ ይማረዋል።

የካርቱሙ ጦርነት ሊመጣ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ በሰፈሩ የሚዞሩት ፖሊሶች ደረታቸው ላይ አንዲት ጥቁር ነገር ሰክተው ብቅ አሉ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ካሜራ ናት፤ ስትቀርጽ ቀይ መብራት ታበራለች። ለሙከራ ለጥቂት ጣቢያዎች የተሰጠች ናት ተባለ። ፖሊሱ ሰው ቢመታ፣ ቢሰድብ፣ ቢዘርፍ ሁሉ ተቀርጾ ይቀመጣል፤ የተበደለም ሄዶ ማመልከት ይችላል ተብሎ በሰፈሩ ኮሚቴ በኩል ተነገረ።

ልጆቹ በዓርቡ ጨዋታ ይህን ሰምተው ሳቁ። ዝናሽ ግን አልሳቀችም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የፖሊስ ቃል ከሷ ቃል ሲበልጥ ኖሯል። አሁን ከሁለቱም ቃል የሚበልጥ ነገር መጣ ብላ አመነች።

«ዓይን ተሰጣቸው» አለች። «ዓይን ያለው ሰው ደግሞ ያፍራል።»

«ዓይን ያወጣስ እትዬ?» አለች ሉጥፊያ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ።

አንድ ዓርብ ረፋዱ ላይ ከሻ መጣ። ሉጥፊያና ሁለት ልጆች ወዲያው ስፌት ቤቱ ገብተው፣ ከጣሪያ እስከ መሬት ከተሰቀለው የተማሪ ዩኒፎርም ጀርባ ተሸሸጉ። ዝናሽ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ሚልዮን የእህቱን የመብራት ሽቦ እየጠገነ ነበርና ፒንሳውን እንደያዘ ቆመ። የገቡት ሦስት ፖሊሶችና አለቃቸው፣ ሁዘይፋ የሚባል ሙላዚም፣ ማለት ምክትል መቶ አለቃ፣ ነበሩ። ቁመናው ያማረ ወጣት ነው፤ ጫማው ይብረቀረቃል። ደረቱ ላይ ቀይዋ መብራት በርታለች።

ወረቀት ጠየቀ፤ ሁለቱም አሳዩ። አየና መለሰላቸው። ከዚያ ወደ ዩኒፎርሞቹ ማየት ጀመረ።

«ልጆች ይመጣሉ ብለውኛል» አለ።

«ዓርብ ዓርብ እንግዳ አይጠፋም፣ ጀናቦ» አለች ዝናሽ። ሱዳኖች መኮንንን በአክብሮት ሲጠሩ እንዲህ ነው የሚሉት።

ሙላዚሙ ወደ ውስጥ ሲራመድ ሚልዮን ፈገግ ብሎ መንገዱ ላይ ቆመ። በኋላ ሰው ሁሉ ምን ቢል ነው እያለ ጠይቋል። ያለው ይህንኑ ብቻ ነው፤ «ጀናቦ፣ የሴቶች ክፍል ነው። መግባትህ ካልቀረ እሺ፤ ካሜራዋም እያየችን ነው።»

ሙላዚሙ በተከፈተ መዳፉ ጆሮውን አጮለው። እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ ያህል ጮኸ። ሚልዮን እጁን ወደ ጆሮው ሲሰድ ደገመው። ሦስተኛውን በእርግጫ አለው፤ ሚልዮን ወደ ኋላ ተንደርድሮ የስፌት መኪናው ብረት ላይ ወደቀ፤ ከጆሮውም ደም ወጣ።

ያን ጊዜ ዩኒፎርሞቹ ተገለጡና ሉጥፊያ ወጣች። ማንም አልጠራትም። ተደብቃ መቅረት ትችል ነበር፤ ሌሎቹ ሁለቱ ቀርተዋል። እሷ ግን ሻሿን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ተንበርክካ የሚልዮንን ጆሮ ያዘች። ከዚያ ፊቷን ቀና አድርጋ ሙላዚሙን አየችውና በአረብኛ ጮኸችበት፤ «ሐራም ዓለይክ! ነውር ነው! ምን አደረገህ? ምን አደረገህ?»

ከፖሊሶቹ አንዱ፣ ዕድሜው የገፋው፣ ወደ አለቃው ጠጋ ብሎ «ጀናቦ፣ በርታለች» አለው በሹክሹክታ። ሙላዚሙ ደረቱን አየ። መዳፉን ካሜራዋ ላይ ከደነ፤ እንደ ከደነም «ያላ፣ እንሂድ» ብሎ ወጣ። ማንንም ሳይዙ ሄዱ። ዝናሽ ይህን ባየች ጊዜ ልቧ በንዴት መካከል እንኳ ትንሽ ደስ አለው። «ፈራ!» አለች። «አያችሁ? ፈርቷል!»

ሐኪሙ የጆሮው ታምቡር መቀደዱን ነገራቸው። ሊጠግግ ይችላል፤ ላይጠግግም ይችላል። ሚልዮን በፋሻ ተጠቅልሎ ከሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ፣ «እታለም፣ ተይው» አላት። ታላቁ ስለሆነች ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነው። «የሰው አገር ነው። የሚሰማ ጆሮ አንድ አለኝ፤ እሱንም እንዳላጣ።»

«የሰው አገር አትበለኝ። እናታችን የተቀበረችው እዚህ ነው» አለች።

የረዳቻት ሰልሰቢል ናት። ሰልሰቢል ወጣት ሱዳናዊት ጠበቃ ናት። ዝናሽ የልጅቷን እናት ቶብ፣ ሱዳናውያት የሚከናነቡትን ልብስ፣ የልጅቷንም የምርቃት ቀሚስ የሰፋች፣ ቤታቸው የምትገባ የምትወጣ ሰው ነበረች። ይህች ልጅ ወንድሟን በሰልፍ ላይ በጥይት አጥታለች። ማን እንደተኮሰ ያየ አልነበረም፤ ያየም አልተናገረም። ስለዚህ የካሜራዋን ነገር ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ኻልቲ ዝናሽ» አለች፤ አክስቴ እንደማለት ነው። «ለኔ ወንድም ያልነበረ ምስክር ላንቺ ወንድም ተገኝቷል። ይህን ብንተወው ካሜራዋን ነገ ያነሷታል፤ የሚጠቀምባት ጠፋ ይላሉ።»

በሚቀጥለው ዓርብ ዝናሽ ነገሩን ለልጆቹ ነገረቻቸው። ተንጫጩ። ሉጥፊያ ብቻ፣ «እትዬ፣ እኔም እታያለሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ዝናሽ ይህን አላሰበችውም ነበር። ሰልሰቢልን በስልክ ጠየቀቻት። ሰልሰቢልም፣ «የሚመረመረው ፖሊሱ ነው፤ ፋይሉ የእሱ ነው። እሷ ምስክር እንጂ ተከሳሽ አይደለችም» አለች። ከልቧ ነበር ያለችው። ዝናሽ ይህንኑ ወደ አማርኛ መልሳ፣ «አንቺን ማን ይፈልግሻል፣ የኔ ልጅ? የሚፈለገው እሱ ነው» አለቻት።

«እንግዲያስ ይታይ» አለች ሉጥፊያ። «አላህ ያሳየው።»

አቤቱታው ተጓተተ። ዛሬ ኃላፊው የለም፤ ነገ ማኅተም የለም፤ በሳምንቱ የተቀረጸው ጠፍቷል፤ ከዚያ ተገኝቷል ግን ይፋ አይሆንም። ሰልሰቢል እንደ መዥገር ተጣበቀችባቸው። ሚልዮን በዚህ መካከል ፋሻው ወለቀለት፤ ግራ ጆሮው ግን አልሰማ አለ። ጋራዥ ውስጥ ከኋላው ሲጠሩት ስለማይሰማ፣ አንድ ቀን የሚንከባለል ጎማ ሊጥለው ምንም አልቀረውም። ሰው ሲያነጋግረው ቀኙን እያዞረ የሚሰማ ሆነ፤ ቀልዱም እየቀነሰ ሄደ።

በመጨረሻ ተጠሩ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ። አንድ ዓቂድ፣ ማለት ኮሎኔል፣ ሁለት መኮንኖችን ግራና ቀኝ አድርጎ ተቀምጧል። ሙላዚም ሁዘይፋ በጎን በኩል ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዝናሽ፣ ሚልዮንና ሰልሰቢል ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዓቂዱ ትሑት ሰው ነበር፤ ውሃ አስመጣላቸው፤ ሚልዮንንም ስለ ጤናው ጠየቀው።

ስክሪኑ በራ። ዝናሽ የገዛ ግቢዋን ከሙላዚሙ ደረት ላይ ሆና አየችው። በሩ ሲገፋ፣ የተሰጣው ልብስ ሲገለጥ፣ እሷ ራሷ መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ፤ አሮጊት መስላ፣ ፈርታ። እንደዚያ የምትፈራ አይመስላትም ነበር። ከዚያ የወንድሟ ፈገግታ መጣ። ከዚያ ጥፊው። አንድም ነገር አልተቆረጠም፤ ድምፁም ጥርት ብሎ ይሰማል። ሚልዮን አንገቱን ደፋ። ሰልሰቢል የዝናሽን እጅ ከጠረጴዛው በታች ጨመቀች። ዝናሽ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት አፍ አውጥታ በመንግሥት ክፍል ውስጥ ስትናገር ሰማች፤ የምታለቅሰውም ወንድሟ ስለተመታ ይሁን ደስ ስላላት ለራሷም አልገባት።

ከዚያ ዩኒፎርሞቹ ተገለጡ።

«አቁመው» አለ ዓቂዱ።

ምስሉ ቆመ። የቆመው በሙላዚሙ እጅ ላይ ሳይሆን በሉጥፊያ ፊት ላይ ነው። ሻሽዋ ወርዶ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ዓይኖቿ ቀጥታ ወደ ካሜራው። ስክሪኑን ሞላችው።

«ይህች ማን ናት?»

«ጎረቤት ናት» አለች ዝናሽ።

«ጎረቤት ከልብስ ጀርባ ምን ትሠራለች?» ዓቂዱ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ትንሽ መልሰው። አዎ። ከኋላዋ እግር ይታያል፤ ሁለት... አራት እግር። ወረቀት ያላቸው ሰዎች ናቸው?»

ሰልሰቢል ተነሳች። «ጀናቦ፣ የተከፈተው ፋይል የመኮንኑ ነው። የምርመራው ጉዳይ ድብደባው ነው።»

«በእርግጥ» አለ ዓቂዱ። «ድብደባውን አይተናል፤ ደግ አልሠራም። ግን ካሜራው እኮ የፖሊስ ብቻ ዓይን አይደለም፤ የሕግ ዓይን ነው። ሕግ አንዱን አይቶ ሌላውን አይዘልም።» ከዚያም በግራው ላለው መኮንን ምልክት ሰጠው፤ መኮንኑም በስልኩ የሉጥፊያን ፊት ከስክሪኑ ላይ አነሳ።

ሙላዚም ሁዘይፋ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ያለው።

ዝናሽ ከዚያ ክፍል እንደወጣች መንገድ ላይ ቆማ ለሉጥፊያ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። እመቤቷ በሥራ ቀን ስልኳን እንደምትወስድባት ታውቃለች። በማግሥቱ ራሷ አል-ጣኢፍ ሄደች። ቤቱን በወሬ ብቻ ነበር የምታውቀው፤ እየጠየቀች አገኘችው። እመቤቲቱ በሩን ጠበብ አድርጋ ከፍታ፣ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ሉጥፊያ ሥራ ላይ ናት። ዓርብ ታገኚያታለሽ።»

«አንድ ቃል ብቻ ልንገራት፣ በአላህ ይሁንብሽ።»

«ንገሪኝና እነግራታለሁ።»

ፖሊስ ሊፈልጋት ነው ብሎ ለእመቤት መንገር ልጅቷን ዛሬውኑ ማስባረር ነው። ዝናሽ «ዓርብ እንዳትመጣ በይልኝ» ብቻ አለች። እመቤቲቱ «ኢንሻአላህ» ብላ በሩን ዘጋች። ይህ «ኢንሻአላህ» አላደርገውም ማለት እንደሆነ ዝናሽ በካርቱም ስንት ዓመት ኖራ ታውቀዋለች።

ለሌሎቹ ልጆች የቻለችውን ያህል መልእክት ሰደደች። ዓርብ ዕለት ደግሞ ሚልዮንን ባሕሪ አስቀርታ፣ ራሷ ማልዳ ከሐፊላዎቹ መናኸሪያ ቆመች። ልጆቹ የሚወርዱት እዚያ ነው። እያንዳንዱን በር፣ እያንዳንዱን ሻሽ አየች። የመጡትን ሦስት ልጆች በክንዳቸው እየያዘች መለሰቻቸው። ፀሐዩ አናቷ ላይ ወጣ፤ ሉጥፊያ አልወረደችም። መልእክቱ ደርሷታል፣ እመቤቲቱን በከንቱ አማኋት ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሉጥፊያ ያን ዕለት የመጣችው ከሌሎች አራት ልጆች ጋር በረክሻ ነበር፤ ባለሦስት እግሯ ባጃጅ፣ በጓሮው መንገድ፣ እስከ በር ድረስ። ዝናሽ ስትደርስ ግቢው ባዶ ነበር። ጎረቤቷ ፋሪሃ፣ አጥር የምትጋራት ሱዳናዊት፣ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር።

«ፎቶ ይዘው መጡ» አለቻት። «የልጅቷን ፎቶ። ከሷ ጋር ያሉትንም ሁሉ ወሰዱ፤ አምስቱንም። ማንንም አልመቱም ዝናሽ፤ ወላሂ አልተሳደቡም። 'ተፈደሊ፣ እባክሽ ግቢ' እያሉ ነው መኪና ላይ ያወጧቸው። ሁሉም ካሜራ አብርተው ነበር።»

ሰልሰቢል ከጣቢያ ጣቢያ ሮጣለች፤ ይህን ማንም ሊክዳት አይችልም። ነገር ግን ልጆቹ ወረቀት የላቸውም፤ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ተፈጽሟል፤ ለዚህም ማስረጃው ተቀርጿል። በሳምንቱ በአውቶቡስ ተጭነው በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሸኙ። የሉጥፊያ ፓስፖርትም፣ የሁለት ዓመት ልብሷም አል-ጣኢፍ ቀረ።

የሚልዮን ጉዳይ ውሳኔ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሙላዚሙ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሯል። ውሳኔውን ያነበበላቸው መኮንን ወረቀቱን አጥፎ ሚልዮንን «መዓሌሽ» አለው። ሱዳኖች ሰው እግር ላይ ሲቆሙም፣ ሰው ሲሞትባችሁም የሚሉት ቃል ነው። መኮንኑ የቆመው በሚልዮን ግራ ነበርና ሚልዮን አልሰማውም። «ምን አለኝ?» ብሎ እህቱን ጠየቃት።

«ምንም» አለችው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰው የሚላትን ዝናሽ የሰማችው ከሁሉ በኋላ ነው። ለአንድ ጆሮ አምስት ሰው ሸጠች ይባላል። ከፖሊስ ጋር ቁጭ ብላ፣ ውሃ እየጠጣች ፊታቸውን አሳየች ይባላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የሚያውቋት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ እያደረጉ ቦታ ይለቁላታል፤ ከአክብሮት እንዳልሆነ ይገባታል። ዓርብ ዓርብ ሐፊላዎቹ መጥተው ይሄዳሉ፤ የእሷን በር የሚገፋ የለም። ልታስረዳ የሞከረችበት ቀን ነበር። አንዷን የደሴ ልጅ ገበያ ላይ ይዛ፣ «እኔ እኮ ቆሜ ስጠብቃት ነበር...» ብላ ስትጀምር ልጅቷ እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችና ሄደች።

ሰልሰቢል መጣች አንድ ቀን። ከስታለች። ይግባኝ እንጠይቅ፣ ማስጠንቀቂያ ቅጣት አይደለም፣ ጋዜጠኛ አውቃለሁ፣ የተቀረጸውን በፍርድ ቤት አስወጥተን ለሕዝብ እናሳየው አለች።

«የሉጥፊያን ፊት ጭምር?» አለች ዝናሽ።

ሰልሰቢል የይግባኙን ወረቀት ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«አንቺ ደግ ልጅ ነሽ» አለቻት ዝናሽ። «ወንድምሽን ነፍሱን ይማርልሽ። ግን ከእንግዲህ በዚህ ነገር በሬን አታንኳኪ።» ልጅቷ ስትወጣ አልሸኘቻትም፤ እናቷን ስትሸኝ ግን እስከ መንገዱ ነበር የምትሸኘው።

ክረምቱ ሲወጣ ሙላዚም ሁዘይፋ ተመለሰ። ዝናሽ ክር ልትገዛ ወጥታ ገበያው መሀል አየችው። ትከሻው ላይ አዲስ ኮከብ ተጨምሮለታል። ካሜራዋ አሁንም ደረቱ ላይ ናት፤ በርታ ይሁን ጠፍታ በፀሐዩ ብርሃን አልታይ አላት። እሱም አወቃት። ቆመና፣ «ወንድምሽ እንዴት ነው፣ ያ ሓጃ?» አላት፤ ትልቅ ሴት ሲያከብሩ እንዲህ ይላሉ፤ ድምፁ ላይ ሹፈት አልነበረበትም፤ ያ ነው ይበልጥ ያቃጠላት።

«አልሐምዱሊላህ» አለችው። ሌላ ምን ትላለች? ክሯን ሳትገዛ ተመለሰች።

ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በማታውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ስልኳ ጮኸ። ሉጥፊያ ናት። ሐርቡ ገብታለች፤ እናቷ ዘንድ ናት። ድምፅዋ ቀጥኗል። ስለ መንገዱ አልተናገረችም፤ ዝናሽም አልጠየቀቻትም። ሚልዮን እንዴት ነው አለች፤ ደህና ነው ተባለች። ልጆቹስ ይመጣሉ ወይ አለች፤ ይመጣሉ፣ ግቢው ሞልቷል ተባለች።

«እትዬ ዝናሽ» አለች ሉጥፊያ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የደወልኩ። ሰውዬው ተቀጣ?»

ዝናሽ በክፍት በሯ በኩል መንገዱን አየች።

«ተቀጣ» አለች። «ከሥራው ተባሯል። መለዮውን አስወልቀውታል።»

«ወላሂ በይ?»

«ወላሂ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ሉጥፊያ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የዱሮ ሳቋ በስልኩ ውስጥ ትንሽ ተሰማ። «እንግዲያው እንኳን ወጣሁ። እናቴ 'ምን አስወጣሽ፣ ተደብቀሽ አትቀሪም?' እያለች ስትቆጣኝ ነበር የከረመችው። አሁን እነግራታለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዝናሽ በሩን ቆልፋ፣ ልብስ ሳትሰፋ፣ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጠች።